ሊቀ ጭልፋ ኩሬማትሱ

አቶ ኩሬማትሱ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመቅደሱ በር ፊት እጅ ነስተው፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን የድንጋይ ደረጃዎች ወጥተው፣ በእጅ መታጠቢያው ገንዳ ላይ የተደረደሩትን አምስት የቀርከሃ ጭልፋዎች አንድ በአንድ አፋቸውን ወደ ታች ይደፏቸው ነበር። ማታ የደፏቸው ራሳቸው ናቸው። በመካከሉ የነካቸው ሰው የለም፤ ዝንጀሮ እንኳ ከሳቸው ጋር መጣላት አይፈልግም። ቢሆንም እያንዳንዱን አንስተው፣ በነጭ ጨርቅ ጠርገው፣ እጀታውን አስተካክለው፣ እንደገና ይደፉታል።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለው ተራራ የለም። ውሃ በሚፈልቅበት ሁሉ ለውሃው ጌታ መቅደስ ይሠራል፤ መቅደስ ባለበትም ሁሉ ከዝግባ ግንድ ጀርባ ብቅ ብሎ «እንደሱ አይደለም!» የሚል አንድ ሽማግሌ ይበቅላል። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ደመወዝ የለውም፣ ልብሰ ተክህኖ የለውም፣ ዕረፍት የለውም። ጌታው ራሱ አንድ ቀን ከምንጩ ወጥቶ ቢመጣ፣ ያ ሽማግሌ ጎኑ ቆሞ እጁን በትክክል መታጠቡን ይመለከታል።

የእኛ መንደር የሂኖታኒ ድርሻ አቶ ኩሬማትሱ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ግን ማዕረጋቸው ሊቀ ጭልፋ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፣ እንደሳቸው አባባል። ጭልፋውን በቀኝ ይዞ ግራ እጅን መታጠብ፤ ቀይሮ ቀኙን መታጠብ፤ እንደገና ቀይሮ በግራ መዳፍ ውሃ ተቀብሎ አፍን መጉመጥመጥ፤ በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ በተረፈው ውሃ እጀታውን ማጠብና አፉን ደፍቶ መመለስ። ይህ ሁሉ በአንድ ጭልፋ ውሃ። «ግራ ይቀድማል!» የሚለው ድምፃቸው ስንት የከተማ ሰው እንዳስደነገጠ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ የሚቀዳ ሰው አባካኝ ነው። ከንፈሩን ከጭልፋው ጋር የሚያገናኝ ሰው ደግሞ ለሳቸው ሰው አይደለም፤ የኦናሳ ሰው ነው።

ኦናሳ ከተራራው ማዶ ያለ መንደር ነው። አቶ ኩሬማትሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ድርቅ ገባ። በድርቅ ጊዜ የየመንደሩ ሰው ወደዚህ መጥቶ ከምንጩ ውሃ በቀርከሃ ቱቦ ይቀዳል፣ እየተቀባበለም እስከ እርሻው ይሮጣል። በመንገድ ላይ ቀርከሃው መሬት መንካት የለበትም። ከነካ ጌታው እዚያው ያርፋል፣ ዝናቡም እዚያው ይወርዳል። የኦናሳው ሯጭ ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርስ የገለባ ጫማው ተፈታበት። ቀርከሃውን አስቀምጦ አሰረው። ዝናቡ ሣር በማይበቅልበት በዚያ ኮረብታ ላይ ሦስት ቀን ወረደ፤ የኦናሳ ሩዝ ግን እንደቆመ ደረቀ።

ዛሬ ኦናሳ ሰው የለበትም። የመጨረሻዋ አሮጊት ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። የአቶ ኩሬማትሱ ንዴት ግን አልበረደም። «ጫማ ለማሰር!» ይላሉ፣ የሆነው ዛሬ ጠዋት ይመስል። «ጫማ ለማሰር ብሎ!»

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ ስምንት ዓመት የከተማው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። በየሰው ጓሮ እየገቡ፣ ክዳን እያነሱ፣ አጎንብሰው ቁጥር ሲያነቡ ኖሩ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለው ሰው እሳቸው ሲመጡ በጓሮ በር ይወጣ ነበር ይባላል። አሁን የሚያነቡት ቆጣሪ ስለሌለ እኛን ያነባሉ።

አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ኑድል ቤት ያለው ጎልማሳ ባዶ ጀሪካኖች ጭኖ መጣ።

«ስንት ናቸው?» አሉት።

«ሃያ ናቸው ጋሼ። ውሃችሁ ሾርባውን ሌላ ያደርገዋል።»

«ደግ። ለእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ታጎነብሳለህ፣ ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለህ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ታጎነብሳለህ።»

«ለሃያውም?»

«ሃያ እንግዳ ቢመጣብህ ለአንዱ ብቻ ነው ሰላም የምትለው?»

ሰውዬው አሥራ አንደኛው ላይ ወገቡን ይዞ ቆመ። አሥራ አንድ ሙሉና ዘጠኝ ባዶ ጀሪካን መኪናው ላይ ጭኖ ሲነሳ ሊቀ ጭልፋ ከደረጃው አናት ሆነው «ስትመለስ ከአሥራ ሁለተኛው ትጀምራለህ!» ብለው ጮኹበት። አልተመለሰም።

ከንቲባውም ቀምሰዋታል። ፎቶ ለመነሳት መጥተው በመንገዱ መሃል ለመሃል ሲራመዱ አቶ ኩሬማትሱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። «መሃሉ የጌታው ነው። ሰው በዳር ይሄዳል። ከበሩ ይጀምሩ።» ከንቲባው ሳቁና ወርደው እንደገና ወጡ። በሁለተኛው ዙር ረስተው መሃሉን ረገጡ። በሦስተኛው ዙር ካሜራው ባትሪ ጨርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ ዝናቡ ሳያባራ በከረመበት ሰሞን፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ሂሳኖ ሞቱ። በቀብሩ ማግስት ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ።

«ፖስታ ቤት! ተነሺ!»

ፖስታ ቤት እኔ ነኝ። አባቴ የመንደሩን ፖስታ ቤት ይይዙ ነበር። ፖስታ ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እኔም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስሜ ግን ያው ፖስታ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ አረፍ ቢሉስ?»

«ሞት የገባበት ቤት ሰው ሃምሳ ቀን በመቅደሱ በር አያልፍም። እኔ መውጣት አልችልም። አንቺ ሰው አልሞተብሽም። ተነሺ።»

እንዲህ ሆኖ ሃምሳ ቀን እኔ ወጣሁ፣ እሳቸው ከበሩ ውጭ፣ ከደረጃው ግርጌ፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። ድምፃቸው በዝግባዎቹ መሃል እየተንከባለለ ይደርሰኛል።

«አንደኛው?»

«ደፋሁት!»

«ሁለተኛው? እጀታው ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ እርስዎ ነው የሚያየው!»

«አትቀልጂ! አምስተኛውስ?»

በሠላሳኛው ቀን ገደማ አንገሸገሸኝ። ልብሴ በስብሷል፣ ሰውዬው ስለ ሚስታቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ጭልፋ ይጮኻሉ። አምስተኛውን አፉን ወደ ሰማይ እንዳደረገ ትቼ «ደፋሁት!» አልኩ።

 ከታች «ውሸት» የሚል ድምፅ መጣ።

ደፍቼው ወረድኩ። «ከዚህ ሆነው እንዴት አዩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አላየሁም። ሰው አራተኛው ላይ ይሰለቻል።» ጃንጥላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ሂሳኖም እንደዚሁ ነበረች። አራት ሳህን ታጥብና አምስተኛውን ትተወዋለች። እኔ ነበርኩ የማጥበው።»

በሃምሳው ቀን ውስጥ የሚስታቸውን ስም ያነሱት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ የመንደሩ ጉባኤ ተሰበሰበ። ዘጠኝ ቤት ቀርተናል፤ ከዘጠኙ ውስጥ ወጣት የምባለው እኔ ነኝ። ደረጃውን የሚጠርግ የለም፣ የመቅደሱ ጣሪያ ያፈሳል፣ በግንቦት ደግሞ የሰማንያ ስምንት ዓመቷ እማማ ታዙ አንሸራትቷቸው የእጃቸው አጥንት ተሰብሯል። የቀረበው ሐሳብ አንድ ነበር፦ ጌታውን ወደ ከተማው መቅደስ አውርደን እዚያ በጥገኝነት ይኑር፣ የእኛ ደግሞ ይዘጋ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ። በቀኝ እጄ ብዕር ስለያዝኩ የግራ እጄን አነሳሁ።

አቶ ኩሬማትሱ የሌሎቹን አላዩም። የእኔን እጅ ብቻ አዩ።

«ግራሽን ነው ያነሳሽው» አሉ ቀስ ብለው። «ድምፅ የሚሰጠው በቀኝ ነው። ሰባት ተኩል ብለሽ ጻፊው።»

እማማ ታዙ የታሰረ እጃቸውን አቅፈው «አንተ ሰውዬ፣ ማጠቢያውን ትተህ ደግሞ ጉባኤውን ልታጥብ ነው?» አሏቸው። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስምንት ለአንድ ብዬ ጻፍኩ።

በኅዳር ካህኑ አቶ ኡሪዩ ከከተማ መጡ። አርባ ዓመት ያልሞላቸው፣ አሥራ ሰባት መቅደስ በአንዲት ትንሽ ነጭ የጭነት መኪና የሚያዳርሱ፣ ሲናገሩ ቁልፋቸውን ከእጃቸው የማያስቀምጡ ደግ ሰው ናቸው። ጌታው የሚሄደው በምንጩ ውሃ ነው አሉን፤ ለዚህም ንጹሕ ጀሪካን አምጥተዋል።

«ጀሪካን» አሉ አቶ ኩሬማትሱ።

«አዲስ ነው ጋሽ ኩሬማትሱ። የታሸገበትን ፕላስቲክ ያወለቅሁት አሁን ነው።»

«ከሄደ በሥርዓት ይሄዳል። በቀርከሃ፣ በሰው እጅ፣ በእግር። መሬት ከነካ ጌታው እዚያው ነው የሚቀረው፤ ከዚያ በኋላ የሚያነቃንቀው የለም። ጻፍሽው ፖስታ ቤት?»

«ጻፍኩት ጋሼ።»

«ሁሉም ይፈርምበት።»

ዘጠኝ ቤት ፈረመ። ካህኑም ሰዓታቸውን አይተው ፈረሙ። ቀርከሃውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የተቃወሙት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሥርዓቱን የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

በቀጠሮው ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ መውረዱም የማይሰማ። አቶ ኩሬማትሱ በወይዘሮ ሂሳኖ ቀብር የለበሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው መጡ። ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል። ከመቅደሱ ጀርባ ከምንጩ ራሳቸው ቀዱ፣ ቀርከሃውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ካህኑ ከፊት፣ እኔ ጃንጥላ ይዤላቸው ከጎን፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነን ተነሳን። የሰማንያ አንድ ዓመት ጉልበታቸው በየእርምጃው ይንቋቋል። አያለቅሱም፣ አያጉረመርሙም። ጌታው እንዳይፈስ ብቻ ነው የሚያስቡት። ያ ነው አንጀቴን የበላው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢራገሙን ኖሮ እስከ ታች ድረስ ጃንጥላውን እይዝላቸው ነበር።

ገንዳው አጠገብ ስንደርስ ጃንጥላውን ለእማማ ታዙ ሰጠሁና ወደ ጭልፋዎቹ ሄድኩ።

ጭልፋውን በግራ እጄ አነሳሁ። ቀኜን አስቀደምኩ። አቶ ኩሬማትሱ አዩኝ። አንድ እርምጃ አለፉ። ሁለተኛ ቀዳሁ። ቆሙ። ከዚያ ጭልፋውን ወደ አፌ አምጥቼ፣ ከንፈሬን ጠርዙ ላይ አሳርፌ፣ እንደ ሻይ ፉት አልኩለት።

«ግራ...» አሉ። «ግራ ይቀድ... እንደሱ አይደለም! ከንፈርሽ!»

ጭልፋውን አፉን ወደ ሰማይ አድርጌ መለስኩ።

ቀርከሃውን ከገንዳው እግር ስር ድንጋዩ ላይ አቆሙት። መጥተው ጭልፋውን አነሱት። ያበላሸሁትን ውሃ ደፉ፣ ጠርዙን አጠቡ፣ እንደገና ቀዱ። እንደ ሦስት ዓመት ልጅ እጄን ይዘው ግራዬን አጠቡልኝ፣ ከዚያ ቀኜን። በመዳፌ ውሃ አፈሰሱልኝ። ጭልፋውን ቀጥ አድርገው አቆሙ፣ እጀታውን አጠቡ፣ ደፉ። «እንዲህ ነው» አሉ፣ በጣም ረጋ ብለው። «አርባ ዓመት ሙሉ እየነገርኩሽ።»

ከዝግባዎቹ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

እማማ ታዙ ናቸው የተናገሩት። «አንተ ኩሬማትሱ። ውሃው የት አለ?»

አቶ ኩሬማትሱ ባዶ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ገንዳው ስር የቆመውን ቀርከሃ አዩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም።

ካህኑ ከመጀመሪያው ደረጃ ተመልሰው መጡ። «ግድ የለም ጋሼ። አንዴ ነው፣ ደቂቃም አልሞላም። እንቀጥል፣ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ አለብኝ።»

«ቃለ ጉባኤ አለ» አሉ አቶ ኩሬማትሱ። «ገጽ ስንት ነው ፖስታ ቤት?»

«አሥራ አራት።»

«አንብቢው።»

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አነበብኩት። መሬት ከነካ ጌታው እዚያው ይቀራል፤ የሚያነቃንቀው የለም። ከስሩ ዘጠኝ ፊርማ፣ አሥረኛው የካህኑ። አቶ ኡሪዩ ቁልፋቸውን ሁለት ጊዜ አቃጨሉ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ የቅዱስ ቦታ ምልክት የሆነውን የገለባ ገመድ ከቦርሳቸው አውጥተው በቀርከሃው ዙሪያ አሰሩበት። ለበላዮቻቸው እንደሚያመለክቱ ነግረውን ባዶውን ጀሪካን ይዘው ወረዱ።

«ጌታው መረጠ» አሉ እማማ ታዙ። ቀጥለውም፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሌላ ሰው የማይደፍረውን አሉ፦ «ጫማ ለማሰር እንኳ አይደለም። ጭልፋ ለመድፋት!»

አቶ ኩሬማትሱ ነጩን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አልነካቸውም። በበሩም አላልፍም።»

«ጋሼ፣ ኧረ ይተዉ! እስከ መቼ?»

«ለሰው ሞት ሃምሳ ቀን ነው። ለዚህ አልተጻፈም።»

«ካልተጻፈማ...»

«አልተጻፈም አልኩሽ። ማለቂያው አልተጻፈም።»

እጅ ነስተው ደረጃውን ወረዱ፤ በዳር በዳሩ፣ መሃሉን ሳይረግጡ።

ለምን እንዳደረግሁት የሚጠይቀኝ የለም፤ እጄ ስቶ ነው ብለው ያምናሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ግራ እንደሚቀድም አውቃለሁ። ነሐሴ ላይ ያነሳሁትን እጅ የማወርድበት ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ጌታው ከቀረ ሊቀ ጭልፋም ይቀራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ሥርዓቱን መጀመሪያ በራሳቸው ላይ የሚያጸኑ ሰው መሆናቸውን ከሃምሳው ቀን መማር ነበረብኝ። ልነግራቸው አስቤ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ብነግራቸው ደብተሩን ያስከፍቱኛል፣ በተንኮል የተደረገ ነው ብለው ገጽ አሥራ አራትን ያሰርዙኛል፣ በማግስቱም ጌታው በጀሪካን ይወርዳል። ሁለቱንም ጊዜ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ከከተማው መልስ መጥቷል፤ ቀኑ ስላለፈ ጉዳዩ በሚቀጥለው መኸር ይታያል ይላል። እስከዚያ ስንት እንደምንቀር አላውቅም። በጥር የእማማ ታዙ ልጅ መጥቶ እናቱን ወደ ከተማ ወስዷቸዋል፤ ስምንት ቤት ነን።

አሁን የካቲት ነው። ገንዳው ጠዋት ጠዋት በረዶ ይሠራል። አቶ ኩሬማትሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከበሩ ውጭ ያንን ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ይቆማሉ። ያስላቸዋል። «በረዶውን በጭልፋ እንዳትሰብሪው!» ይላሉ። «ቀርከሃውስ?» ይላሉ። «አለ!» እላቸዋለሁ። ከዚያ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራቱን ደፍቼ አምስተኛውን ጭልፋ በእጄ እንደያዝኩ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ሳሉ ያቋርጣቸዋል፣ ይቆያሉ። ካልጠየቁኝ አልደፋውም።

ሬዲዮው ነገ በረዶ ይጥላል ብሏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ።